የካቲት 24 ፈረሱ የት ያድራል?

በእኛ የንባብ ዓለም ሁለት ፍርዶች ይግባኝ ሳይጠየቅባቸው ጸንተው ኖረዋል። አንደኛው፣ የወንጀል ልቦለድ የመንገድና የመኝታ ሰዓት ማሳለፊያ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም ይላል። ሁለተኛው፣ ፈረስ የጀግና ነው ይላል፤ ቦታው ፉከራና ቀረርቶ፣ የአድዋ ሥዕልና የነገሥታት ዜና መዋዕል እንጂ የሌባ፣ የባለዕዳና የቁማርተኛ ታሪክ አይደለም። ስለዚህ በፈረስ ግልቢያ ዙሪያ የተጻፈ የወንጀል ልቦለድ ሁለት ጊዜ ይወገዛል። አንዴ ተራ ነው ተብሎ፣ አንዴ ደግሞ የፈረንጅ ባለጸጎች ጨዋታ ስለሆነ እኛን አይመለከተንም ተብሎ። እኔ ሁለቱንም ፍርዶች አልቀበልም። ዛሬ የአዲስ አበባን የካን፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከቀበና እስከ እንጦጦ አናት ያለውን አገር፣ እንዳለ ሊያሳየን የሚችል ልቦለድ ቢጻፍ ፈረስ ያለበት የወንጀል ልቦለድ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ልዘርዝር።

የዚህ ዓይነቱ ልቦለድ አውራ ዲክ ፍራንሲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ዌልስ ውስጥ ተወለደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል አገለገለ፤ ከጦርነቱ በኋላ የመሰናክል ውድድር ጋላቢ ሆነ፤ በ1953 እና 1954 የውድድር ዘመንም የአገሩ ሻምፒዮን ነበር። በ1956 በታላቁ የግራንድ ናሽናል ውድድር የእቴጌ ኤልሳቤጥን፣ የንግሥቲቱን እናት፣ ፈረስ ዴቨን ሎክን ይጋልብ ነበር። የመጨረሻውን መሰናክል አልፎ፣ ተከታዩን በሰፊው ቀድሞ፣ ማብቂያው መስመር ጥቂት ሜትር ሲቀረው ፈረሱ ማንም ሳይነካው በሆዱ ተዘረጋ። ለምን እንደወደቀ ሁሉንም ያሳመነ መልስ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ፍራንሲስ በዓመቱ ግልቢያ ተወ፤ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ በ1962 “ዴድ ሰርት” የተባለውን የመጀመሪያ የወንጀል ልቦለዱን አሳተመ። በ2010 እስኪሞት ድረስ ከአርባ በላይ መጻሕፍት ጽፏል፤ የአሜሪካ የምሥጢር ጸሐፍት ማኅበር የሚሰጠውን የዓመቱ ምርጥ ልቦለድ ሽልማትም ሦስት ጊዜ ወስዷል።

እነዚህን መጻሕፍት ሳያነቡ የሚንቋቸው ሰዎች “ፈረስ ይሮጣል፣ ሰው ይሞታል፣ መርማሪ ይመጣል፣ አለቀ” ይላሉ። “ኦድስ አጌንስት” የተባለውን የ1965 መጽሐፍ ልንገራችሁ። ሲድ ሃሊ ሻምፒዮን ጋላቢ ነበር። ከፈረስ ወድቆ የግራ እጁ ስለተጎዳ ከሙያው ወጥቶ በአንድ የምርመራ ድርጅት ውስጥ ያለ ሥራ ተቀምጧል። ሲበሪ በምትባል ከተማ የፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ አደጋ ይበዛል። አንድ ጊዜ ኬሚካል የጫነ ቦቴ መኪና ይገለበጥና ሣሩን ያቃጥለዋል፤ ሌላ ጊዜ ሌላ ነገር ይበላሻል። ውድድር ይሰረዛል፣ ገቢ ይቀንሳል፣ የአክሲዮን ዋጋ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው በየሰው ስም አክሲዮኑን በዝቅተኛ ዋጋ ይሰበስባል። ፈረስ ምኑም አይደለም። የሚፈልገው መሬቱን ነው፤ ሜዳውን ለቤት ሠሪዎች ቸብችቦ ሊከብር ነው።

ይህን ታሪክ ላምበረት ወይም አያት አካባቢ ለሚኖር ሰው ንገሩትና እንግሊዝ ነው ብሎ ያልፈው እንደሆነ እዩ። ሲኤምሲ እርሻ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ሜዳ እንዴት ባለቤቱን እንደሚቀይር እናውቃለን፤ መጀመሪያ ቸል ይባላል፣ ከዚያ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል፣ ከዚያ “ምንም ጥቅም አይሰጥም” ይባላል፣ በመጨረሻ የቆርቆሮ አጥር ይቆምበታል። ይህን ሂደት ደረጃ በደረጃ፣ ማን ምን ፈርሞ፣ ማን ለማን ደውሎ፣ ማን ዝም ብሎ እንደሆነ የሚያሳይ ልቦለድ የት አለን? ስለ ፍቅር አለን፣ ስለ አብዮት አለን፣ ስለ ስደት አለን። ስለ መሬት የሚጻፈው ግን በአብዛኛው እሮሮ ነው። እሮሮ አንባቢን ያሳዝናል፤ የወንጀል ልቦለድ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ማን እንደተጠቀመ ሳያሳይ መጨረስ አይችልም።

ፍራንሲስ ወደዚህ ጉዳይ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በ1993 ተመልሷል። “ዲሳይደር” በተባለው መጽሐፉ አንድ ባላባት ቤተሰብ የወረሰውን የፈረስ ሜዳ እንሽጠው፣ አንሽጠው እያለ ሲበላላ ይታያል። “ባንከር” ደግሞ ስለ ባንክ ብድር ነው። ባንኩ ለአንድ ውድ ድንጉላ ፈረስ መግዣ ሚሊዮኖች ያበድራል፣ የፈረሱ ውርንጭሎች ግን አካላቸው ጎድሎ ይወለዳሉ፤ ጥያቄው ወዲያው የተበዳሪው፣ የአርቢውና የአበዳሪው ሕይወት ይሆናል። ተራ ልቦለድ ይህን ያህል ስለ ወለድና ስለ ዋስትና ካስተማረ፣ ተራ ያልሆነው ምን ሠራ?

እዚህ ላይ ጃን ሜዳን ሳላነሳ አላልፍም። ከየካ ጋር ጎረቤት የሆነው ያ ሜዳ የጥምቀት ማክበሪያ፣ የጦር ሠራዊት ሰልፍ ማሳያ፣ የአገር አቋራጭ ሩጫና የፈረስ ግልቢያ ቦታ ሆኖ ኖሯል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ድል ከሆኑ በኋላ የድሉ ሰልፍ የታየው እዚያ ነው። በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ፣ የየካ ተራራ ሥር፣ በ1910 እ.ኤ.አ. የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ያን ሰልፍ አይቶ፣ ያየውን ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ደግሞ የፒያሳው አትክልት ተራ ገበያ ወደዚሁ ሜዳ ተዛወረ፤ ወራት ቆይቶ፣ ለ2013ቱ ጥምቀት እንዲደርስ ስንት ጭቅጭቅና ጽዳት ጠየቀ። አንድ ሜዳ የታቦት ማደሪያ፣ የሽንኩርት ማራገፊያ፣ የስፖርት ቦታና የመሬት ዋጋ ሆኖ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲያከራክር ያየን ሕዝብ ነን። ለደራሲ ከዚህ የተሻለ ምን ይቅረብለት?

ወደ ሁለተኛው ፍርድ ልሂድ። ፈረስ የጀግና ነው፤ ልክ ነው። አባ ታጠቅ ስንል ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ስንል ምኒልክ፣ አባ ነጋ ስንል አሉላ፣ አባ ነፍሶ ስንል ባልቻ ይታወሰናል፤ ሰው በፈረሱ ስም እስኪጠራ ድረስ ፈረስን ያከበረ ባህል ነው። በየዓመቱ የካቲት 23 ፈረሰኞች ጎፈር ደፍተው፣ ፈረሶቻቸውን ሸልመው ወደ ምኒልክ አደባባይ ይወጣሉ፤ እኔም ቆሜ አያለሁ፣ ዓይኔም እንባ ያቀራል። የምጠይቀው ሌላ ነው። የካቲት 24 ፈረሱ የት ያድራል? ማን ያበላዋል? የገብሱን ዋጋ ማን ይከፍላል? በበዓሉ ማግስት ስለዚያ ፈረስ የሚጽፍ የለም፤ ምክንያቱም ለጀግና ዘፈን የሚሆነው የፈረሱ ጌጥ እንጂ የፈረሱ ቀለብ አይደለም።

ከኮተቤ እስከ አያት ባለው አስፋልት ዳር የተጣሉ ፈረሶችን ያላየ አዲስ አበቤ የለም። የጋሪ ፈረሶች ናቸው። ጀርባቸው በኮርቻና በቀንበር ተልጧል፣ እግራቸው አብጧል፣ ከንፈራቸው በልጓም ቆስሏል። ጉልበታቸው ሲያልቅ ባለቤታቸው ሊቀልባቸውም ሊያሳክማቸውም አቅም ስለሚያጣ ይለቃቸዋል። በመኪና መካከል ቆመው ሲያንቀላፉ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፍቶ ያልፋል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ በፈረስ ብዛት ከቀዳሚዎቹ ናት፤ ቁጥራቸው ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጌጥ የሚለብሱት ስንቶቹ ናቸው? ፈረስን ለጀግንነት ብቻ ያቆየው አስተሳሰብ የቀሩትን ከዓይናችን ሰውሯቸዋል። ክብር ነው የምንለው ነገር ለፈረሱ ምንም አልጠቀመውም።

የወንጀል ልቦለድ ግን ከቀለቡ ነው የሚጀምረው። አርተር ኮናን ዶይል በ1892 “ሲልቨር ብሌዝ” የተባለውን አጭር ታሪክ ሲጽፍ፣ አንድ ታዋቂ የውድድር ፈረስ ይጠፋና አሰልጣኙ ሞቶ ይገኛል። ምሥጢሩ የሚፈታው በማንም ጀብዱ አይደለም። የፈረስ ጠባቂው እራት ምን ነበር፣ ውሻው በሌሊት ለምን አልጮኸም፣ የአሰልጣኙ ኪስ ውስጥ የተገኘው የውድ ቀሚስ ደረሰኝ የማን ነው፣ ከጋጣው አጠገብ ያሉት በጎች ለምን ያነክሳሉ በሚሉት ጥያቄዎች ነው። ዕዳ ያለበት ሰው የሚያሰለጥነውን ፈረስ ጅማት ሊበጥስ ተነሣ፤ ከዚያ በፊት በበጎች ላይ ተለማመደ። ስለ ሎሌው እራትና ስለ በግ እግር ይህን ያህል የሚጠነቀቅ የጽሑፍ ዓይነት ተራ ተብሎ፣ ሎሌውን ስሙን እንኳ የማይጠራ ጽሑፍ ከፍ ያለ መባሉን መቼም አልስማማበትም።

“ምርመራ የእኛ ባህል አይደለም” የሚሉም አሉ። እንዲህ የሚል ሰው አውጫጭኝን ረስቷል። ከብት ወይም ፈረስ ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲገደል የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ በዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ሥራ ፈትቶ የሚዋልበት ሥርዓት ነበረን፤ አፈርሳታም ይባላል። በምኒልክ ዘመን ደግሞ ሌባ ሻይ ነበር፤ ለልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው፣ ሮጦ የገባበትን ቤት የሌባ ቤት ነው ይሉ ነበር። ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚያ ልጅ እግር ተፈርዶበት ይሆን? አንዱ ሥርዓት መንደርተኛውን ሁሉ ተጠርጣሪም ዳኛም ያደርጋል፣ ሌላው ፍትሕን ለሰከረ ልጅ ይሰጣል። እነዚህን የመሰለ ውርስ ይዘን የምርመራ ታሪክ ከውጭ የመጣ ልብስ ነው ማለት ራስን አለማወቅ ነው።

በአማርኛም ቢሆን መንገዱ ጭራሽ ያልተሄደበት አይደለም። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልቦለድን በአማርኛ ጽፎ ትውልድ አንባቢ አፍርቷል። ማሞ ውድነህ በስለላ ታሪኮቹና በትርጉሞቹ ስንቱን ወጣት ከመጽሐፍ ጋር አስተዋውቀዋል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው “ኦሮማይ” ውስጥ የስለላውን ሴራ ባይጠቀም ኖሮ ያ መጽሐፍ ዛሬ የምናውቀው መጽሐፍ ይሆን ነበር? ሃያሲዎቻችን በዓሉን ሲያመሰግኑ ፖለቲካውን ይጠቅሳሉ፤ አንባቢውን ገጽ በገጽ የጎተተውን የልብ አንጠልጣይ ጥበብ ግን እንደ ነውር ያልፉታል።

“ውድድርና ቁማር የለንም” የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ አይወስድብኝም። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ይሰበሰባሉ፤ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው፣ አባላቱም በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሰላሌ ፈረስ በግልቢያ የታወቀ ነው። ቁማሩንም በተመለከተ፣ በየሰፈሩ የተከፈቱት የቤቲንግ ቤቶች ምን ያህል ወጣት እንደሰበሰቡ የማያውቅ ወላጅ የለም። ፈረሱ አንድ ቦታ፣ ውርርዱ ሌላ ቦታ ስለሆኑ አልተገናኙም እንጂ ሁለቱም አሉ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው የሚመጣበትን ቀን የሚያስብ ደራሲ ቢኖር፣ ነገሩ ገና ሳይደርስ መጽሐፉ የሚያስፈራ ይሆናል።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ይህን ከማከብራቸው ሰዎች ሰምቼዋለሁ። “የወንጀል ልቦለድ የሚያምረው ሕግ ባለበት አገር ነው። መርማሪው እውነቱን ቢያገኝ ማን ይሰማዋል? ወንጀለኛው ተይዞ የሚያልቅ መጽሐፍ እኛ ዘንድ ውሸት ነው።” ከባድ ነው፤ ቀላል አድርጌ አላየውም። ነገር ግን የፍራንሲስን መጻሕፍት የገለጠ ሰው ፖሊስን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ሲመጣ ነው የሚያገኘው። እውነቱን የሚያወጡት ሰዎች ጋላቢ፣ ፎቶ አንሺ፣ የወይን ነጋዴ፣ ቤት ሠሪ፣ አውሮፕላን አብራሪ ናቸው። ሥልጣን የላቸውም። ያላቸው ሙያቸው ብቻ ነው። የወይን ነጋዴው ቀምሶ ያውቃል፣ ፎቶ አንሺው ፊልሙን አይቶ ያውቃል፣ ጋላቢው ፈረሱ እንደወትሮው አለመሆኑን ከእጁ ያውቃል። ብዙ ጊዜም ይደበደባሉ፤ ሲድ ሃሊ እጁን ያጣል፤ በ1979 “ዊፕ ሃንድ” ውስጥ ሌላኛውን እጁንም እንዳያጣ ፈርቶ ከራሱ ጋር ሲታገል እናያለን። ፍርሃቱን የሚያሳፍር ነገር አድርጎ ያየዋል፤ ግን አይሸሽግም። ይህ የሕግ መከበርን የሚያውጅ ጽሑፍ ነው? ሕግ ሳይደርስለት እውነትን ይዞ የቀረ ሰው ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በየሰፈራችን ሞልቷል።

እውነቱ በሕግ ፊት ሳይጸድቅ ቢቀርስ? ሜዳ ላይ ይቀራል። በ1981 የኤፕሶም ደርቢን በአሥር የፈረስ ርዝመት ልዩነት ያሸነፈው ፈረስ ሸርጋር በየካቲት 1983 አየርላንድ ውስጥ በታጠቁ ሰዎች ከጋጣው ተወስዶ ሬሳው እንኳ አልተገኘም፤ በዚህም ማንም አልተፈረደበትም። ሕግ አለበት በሚባለው አገርም ፋይል ሳይዘጋ ይቀራል። ደራሲ ወንጀለኛውን ማሳሰር ግዴታው አይደለም፤ አንባቢው ማን እንዳደረገው አውቆ እንዲነሣ ማድረግ ግን ግዴታው ነው።

ፍራንሲስ ነቀፋ የለበትም አልልም። ክፉዎቹ ከመጠን በላይ ክፉ ናቸው፤ የድብደባው ትዕይንት ይደጋገማል፤ አንዳንዶቹ ሴት ገጸ ባሕርያት ሳስተዋል፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የጻፋቸው የመጀመሪያዎቹን አያህሉም። ይህ ሁሉ የአንድ ደራሲ ድካም ነው። የድርሰቱን ዓይነት ለማውገዝ አይበቃም፤ በዚያ ሚዛንማ ከተመዘነ ስንት የታሪክና የፍቅር ልቦለዳችን ይተርፋል?

አሁን ወደ እንጦጦ እንውጣ። በመስከረም ማብቂያ 2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ከመዝናኛዎቹ አንዱ ፈረስ ግልቢያ ነው። ከፓርኩ ውጭም በተራራው መንገድ ላይ ፈረስ እየሳቡ ለጎብኚ የሚያከራዩ ወጣቶች አሉ። እሑድ ቤተሰብ ይመጣል፣ ልጅ ኮርቻ ላይ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዋጋ ክርክር ይነሣል። ፈረሱን የሚስበው ልጅ ሁልጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ባለቤቱ ማነው? ልጁ በቀን ስንት ያስረክባል? ክረምት ገብቶ ጭጋጉ ሲወርድና ጎብኚ ሲጠፋ ፉርሽካውን ማን ይገዛል? ፈረሱ ቢታመም ልጁ ለባለቤቱ ይናገራል ወይስ አንድ እሑድ እንዲያልፍ ዝም ይላል? በዚያው መንገድ ከባሕር ዛፉ ጫካ የጭራሮ ሸክም ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያልፋሉ፤ በተራራው ላይ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ የማን መኪና በምን ሰዓት ቆመ የሚለውን እንደ እነርሱ የሚያውቅ የለም። ማንም ግን አይጠይቃቸውም።

ወደ ማታ ደግሞ ጅብ ይወጣል። እንጦጦ ላይ የሞተ ፈረስ እስኪነጋ አይቆይም። እንግሊዛዊው ደራሲ ፈረሱ ተመርዞ መሞቱን ለማረጋገጥ ሬሳውን ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ እዚህ ማስረጃው በአንድ ሌሊት ተበልቶ ያልቃል፤ የሚቀረው ሰኮናና ምናልባት ልጓሙ ነው። በአንድ በኩል ለወንጀለኛ የተመቸ፣ በሌላ በኩል ለደራሲ ብርቱ ፈተና የሆነ ነገር ነው፤ እውነቱ ከሰው አንደበት ብቻ ሊወጣ ነው፤ ከጭራሮ ለቃሚዋ፣ ከፈረስ ሳቢው ልጅ፣ ከጥበቃው። የወንጀሉ መነሻም የኢንሹራንስ ገንዘብ አይሆንም፤ እዚህ ፈረሱን ኢንሹራንስ የሚያስገባ የለም። የእቁብ ዕዳ ሊሆን ይችላል፣ የቦታ ይዞታ ሊሆን ይችላል፣ የደላላ ኮሚሽን ሊሆን ይችላል። ከታች ባልደራስ የሚባለው ሰፈር አለ፤ የቤተ መንግሥት ፈረሶች አለቃ ማዕረግ ስሙን የተወለት፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሰፈር። የአንዱ ምዕራፍ ዋና ሰው እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኑር፤ አያቱ ምን ይሠሩ እንደነበር ያውቅ።

ይህን ለመጻፍ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ማሰብ አይበቃም። የፍራንሲስ ባለቤት ሜሪ ለአንድ ልቦለድ ዝግጅት ብላ አውሮፕላን ማብረር ተምራ አብራሪ እስከ መሆን ደርሳለች። እኛ ዘንድ የሚጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ወደ እንጦጦ መውጣት፣ ከባለጋሪ ጋር ሻይ መጠጣት፣ የእንስሳት ሐኪም የተላጠ ጀርባ እንዴት እንደሚያክም ቆሞ ማየት፣ የፈረስ ጥርስ ከፍቶ ዕድሜ የሚናገር ነጋዴ እንዴት እንደሚዋሽ ማዳመጥ። “የወንጀል ልቦለድ ተራ ነው” የሚለው ሃያሲ ደግሞ ለአንድ ጥያቄዬ መልስ ይስጠኝ፤ ከኮተቤ ወደ ላምበረት በጋሪ ሲሠራ የኖረን የአንድ ሰው ዕዳ እስከ ሳንቲሙ ቆጥሮ፣ ፈረሱን የለቀቀበትን ሌሊት ከነምክንያቱ የጻፈ ከፍ ያለ ልቦለድ የትኛው ነው?